የሰሜኑ ሰመር እንዴት ይሆን? ከትሮምሶ እስከ ሺርከነስ

ሰኞ፣ ትሮምሶ

ግንቦት ላይ ይህን የሰሜን ኖርዌይ ጉዞ ስናቅድ ጓደኛዬ አንድ ካርታ ላከልኝ። የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል በየወሩ የሚያወጣው የወቅት ትንበያ ነው። ሰሜን ስካንዲኔቪያ በሙሉ ቀላ ብሏል። ከሥሩ «አቦ፣ ዘንድሮ ጃኬት አትያዝ» ብሎ ጽፎበታል።

ዛሬ ሰኔ 22 ከኦስሎ በሮ ትሮምሶ ላረፈ ሰው የጠበቀው 8 ዲግሪ ነው። ያካፋል። ጓደኛዬ ራሱ ሊቀበለኝ የመጣው ወፍራም ጃኬት ደርቦ ነው። ካርታውን ሳነሣበት ምንም አልደነገጠም። «ትንበያው ስለ ሰመር ነው። ስለ ሰኞ መች ተናገረ?» አለኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። እዚህ አውቶቡስ ይነዳል። መልስ አያጣም።

ነገሩ ግን እውነቱን ነው። ኢትዮጵያ ያደገ ሰው ይህን አነጋገር ያውቀዋል። «በመጪው ክረምት መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል በሬዲዮ ስንሰማ ነው ያደግነው። የአውሮፓውም ያው ነው። ሦስት ምድብ አለው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ስለ መጪው ወቅት ምንም ባይታወቅ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ይደርሰዋል። ማዕከሉ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጠ ወቅቱን በኮምፒውተር 51 ጊዜ ያስኬደዋል። ከዚያ ስንቱ ሞቃት እንደወጣ ይቆጥራል። ካርታው ቀላ ሲል «ወደ ሙቀት ያደላል» ማለት ነው እንጂ «ይሞቃል» ማለት አይደለም። ያውም የሦስት ወር አማካይ ነው። በሦስት ወር ውስጥ የእኔ አንድ ሳምንት ምን ቁም ነገር አላት?

ከሰዓት በኋላ ከተማዋን በእግር ዞርን። ትሮምሶ ከአርክቲክ ክበብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ያለች ደሴት ናት። በዚህ ኬክሮስ ሌላው ዓለም በብርድ ወራት በአብዛኛው በረዶ ነው። እዚህ ግን ወደቡ በጥር ወር እንኳ አይቀዘቅዝም። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቅ ያለ ውሃ ነው የሚያድነው። ያው ውሃ ታዲያ ብርዱን እንደሚያለዝብ ሁሉ ሰመሩንም ያቀዘቅዘዋል። የጁላይ አማካይ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። በረዶውም ቶሎ አይለቅም። በፈረንጆቹ 1997 ኤፕሪል ማብቂያ ላይ መሬት ላይ የተለካው በረዶ 240 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከፋሲካ በኋላ ማለት ነው እንግዲህ።

የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም የሰሜን ቅርንጫፍም እዚሁ ከተማ ነው። ተቋሙ ራሱ የተመሠረተው በ1866 ነው። ለዓሣ አጥማጁ፣ ለመርከቡ፣ ለአብራሪው የሚሆነው ማስጠንቀቂያ ከዚህ ይወጣል። የሚሸፍነው ባሕር እስከ ዋልታው ይደርሳል። በዚያ ሁሉ ውሃ ላይ ያሉት መለኪያ ጣቢያዎች ግን ጥቂት ናቸው። ድብ ደሴት በምትባል ብቸኛ ደሴት ላይ ጥቂት ሠራተኞች ተቀምጠው በየቀኑ ፊኛ ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ፊኛው ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ነፋሱን እየለካ ይወጣል። የትሮምሶ ሰው ነገ ጃኬት ይልበስ አይልበስ የሚታወቀው በከፊል በዚያ ፊኛ ነው።

ማታ ጓደኛዬ ቤት አረፍን። መስኮቱ ላይ ጥቁር መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ሥር ደግሞ የማብሰያ ፎይል ለጥፎበታል። ፀሐይዋ ከሜይ ሦስተኛ ሳምንት እስከ ጁላይ ማገባደጃ አትጠልቅም። ረመዳን ሰኔ ላይ በዋለባቸው ዓመታት እንዴት ጾማችሁ አልኩት። «ፀሐይ ካልጠለቀች በምን ታፈጥራለህ? የመካን ሰዓት ነበር የምንከተለው። ወላሂ፣ ፀሐይ ፊቴ ላይ እያበራች ተምር አንሥቻለሁ» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ወደ አልታ

ከትሮምሶ ወደ አልታ ዙሪያውን በአስፋልት መሄድ ይቻላል። ወይም ሁለት ፌሪ እየተሻገሩ ማቋረጥ። ፌሪውን መረጥን። ከብሬይቪክአይዴት ወደ ስቬንስቢ፣ ከዚያ ከሊንግስአይዴት ወደ ኦልደርዳለን። መኪናችንን ይዘን ገባን፤ ፎቅ ላይ ቡናና ዋፍል ገዛን። ቡናው አይነሣ።

ሊንገን ተራሮች ጋ ስንደርስ የአየሩ ጠባይ ዓይናችን እያየ ተለወጠ። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው። ተራሮቹ ከ1,800 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ከባሕር የመጣው እርጥብ አየር እነሱ ላይ ወጥቶ ዝናቡን በምዕራብ በኩል ያራግፋል። ከእነሱ ወዲያ ሲወርድ ይደርቃል፤ ይሞቃልም። መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ይንጨረጨር ጀመር። ጓደኛዬ አጠፋው። ከዚያ በኋላ አልታ እስክንገባ አላበራውም። በጂኦግራፊ ክፍል «የዝናብ ጥላ» እያልን የሸመደድነው ነገር በሁለት ፌሪ መካከል ተጠናቀቀ።

ትሮምሶ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብና በረዶ ታገኛለች። አልታ የዚያን ግማሽ እንኳ አታገኝም። ሰማይዋ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ለዚህም ነው በ1899 የሰሜን ብርሃንን፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚውለበለበውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለማጥናት የታዛቢዎች ቤት እዚህ ሃልዴ ተራራ ላይ የተሠራው። የፊዚክስ ሊቁ ክርስቲያን ቢርኬላንድ ሐሳብ ነበር። ወደ 900 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ነፋስ በሚያናውጠው ጫፍ፣ በድንጋይ ቤት ሳይንቲስቶች ከነቤተሰባቸው ኖረዋል። በኋላ የጣቢያው ኃላፊ የነበረው ኦሌ ክሮግነስ ወደ ትሮምሶ ወርዶ በ1918 የተቋቋመውን የጂኦፊዚክስ ተቋም መራ። የሰሜን ኖርዌይ የአየር ትንበያ ሥራ በዚያ ዘመን ነው ሥር የያዘው። ማዕበል ሳያስጠነቅቅ የሚበላው ዓሣ አጥማጅ ብዙ ነበርና ሥራው የቅንጦት አልነበረም።

አልታ 15 ዲግሪ ነው። ፀሐይ አለ። ልጆች በከናቴራ ኳስ ይጫወታሉ። ከትሮምሶ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የተጓዝነው፤ ቀኑም ያው ቀን ነው። የወቅቱ ካርታ ላይ ሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው።

ረቡዕ፣ ኖርድካፕ

ዛሬ ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ተራራው ራሰ በራ ነው፤ አጋዘኖች አስፋልት ላይ ይተኛሉ፤ ጡሩንባ አይሰሙም። ደሴቲቱ ላይ የሚያስገባው ዋሻ ግን ይነገርለታል። 6.87 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ከባሕር ወለል በታች 212 ሜትር ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ። ከ1999 በፊት መኪና እዚህ የሚደርሰው በፌሪ ብቻ ነበር።

ኖርድካፕ 71 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ላይ ነው። ገደሉ 307 ሜትር ነው። ከላዩ በ1978 የቆመ የብረት ሉል አለ። ሰው ሁሉ የእኩለ ሌሊቷን ፀሐይ ከሉሉ ጋር ፎቶ ሊነሣ ነው የሚመጣው። እኛ ስንደርስ ሉሉም አልታየም። ጉም ነው። አሥር ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው በድምፁ ነው የሚለየው። መኪናው 7 ዲግሪ ይላል። አንድ የቱሪስት አውቶቡስ አርባ ያህል ሰው አራግፎ ሄደ። ሁሉም ስልኩን ወደ ነጭ ነገር ደግኗል።

ማታ 4 ሰዓት ላይ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ፀሐይዋን ላሳያት ቃል ገብቼላት ነበር። ካሜራውን አዞርኩላት። «ውይ ልጄ፣ እንጦጦ ወጥተህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጓደኛዬ በሳቅ ፈረሰ።

ጉሙ ምክንያት አለው። ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሩሲያና ከፊንላንድ በኩል፣ ሞቅ ያለ አየር መምጣት ጀምሯል። ይህ አየር ከቀዝቃዛው የባረንትስ ባሕር ጋር ሲነካካ እርጥበቱ ይጤዛል፤ ጉም ይሆናል። እና አገሩ ሲሞቅ ጫፉ ይደፈናል። ትሮምሶ ላይ «ሞቃት ሳምንት ይመጣል» ብሎ ተደስቶ ኖርድካፕ የወጣ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው።

ቦታው ስሙን ያገኘውም ከአየር ጠባይ ጋር በተያያዘ መከራ ነው። በ1553 በሰሜን በኩል የቻይናን መንገድ ሲፈልጉ የነበሩ እንግሊዛውያን መርከበኞች ናቸው ያወጡለት። ማዕበል በተናቸው። የአንደኛዋ መርከብ ሰዎች ሩሲያ ደረሱ። የሁለቱ መርከቦች ሰዎች ኮላ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ብርዱን ሳይወጡት አለቁ።

ካፌው ውስጥ ቁጭ ብለን ጉሙ እስኪነሣ ስንጠብቅ ክርክር ተነሣ። ጓደኛዬ «የእኛ አገር የክረምት ትንበያ ካልዋሸ የእነዚህስ ለምን ይዋሻል? ኮምፒውተሩ የእነሱ አይደል?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእኛ ክረምት ገመዱ ሩቅ ቦታ ታስሯል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የምንለው፣ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይከሳል። ውቅያኖስ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ ወራት ቀድሞ ማየት ይቻላል። በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ በፈረንጆቹ 2015፣ የሆነው ይኸው ነው። ያ ኤልኒኖ ቀድሞ ታይቷል፤ ዝናቡ ጠፋ፤ በኋላ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። የትንበያ ማወቅና የሰው መዳን አንድ ነገር አይደሉም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የስካንዲኔቪያ ሰመር ግን እንዲህ የሚይዘው ገመድ የለውም። የሚወስነው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጠው የላይኛው ነፋስ የት ቦታ እንደሚታጠፍ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር መጥቶ ፊንላንድ ላይ ከተቀመጠና አልነሣም ካለ፣ ሰሜኑ ለሳምንታት ይጠበሳል። ትንሽ ወደ ምዕራብ ከተቀመጠ ደግሞ ሰሜን ነፋስ ይወርዳል፤ ሰዉ ሹራብ ለብሶ ጁላይን ይጨርሳል። የት እንደሚቀመጥ ቀድሞ አይታወቅም። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1960ዎቹ እንዳሳየው ቀን ከቀን መተንበይ ከሁለት ሳምንት ገደማ አያልፍም። ታዲያ ካርታው ለምን በየዓመቱ ይቀላል? አብዛኛው ምክንያት የዓለም መሞቅ ነው። «መደበኛ» የሚባለው ያለፉት አሥርተ ዓመታት አማካይ ነው፤ አየሩ ግን ከዚያም በኋላ መሞቁን አላቆመም። አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። ስለዚህ ካርታው ስለ ዘመኑ እየነገረን ነው። ስለ ዘንድሮው አንድ ሰመር ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጠን ሆኒንግስቮግ ወርደን ተኛን።

ሐሙስ፣ ካራሾክ

ዛሬ የመኪናውን ቴርሞሜትር ብቻ ብገለብጥ የጉዞ ማስታወሻ ይወጣዋል። ሆኒንግስቮግ፣ 8። ዋሻውን ስንወጣ፣ 12። ፖርሳንገር ፊዮርድን (ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ረጅም የባሕር ክንድ ነው) ተከትለን ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ 17፣ ከዚያ 19። ጃኬት ወለቀ። ላክስኤልቭ ስንገባ 26። ሹራብ ወለቀ። ከካራሾክ በፊት 28።

አንዱ ትንሽ ዋሻ ውስጥ አጋዘኖች ቆመዋል። ግድግዳውን ተጠግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። በ2018 ሙቀት ጊዜ የመንገድ ባለሥልጣኑ «አጋዘንና በግ ጥላ ፍለጋ ዋሻ ይገባሉና አሽከርካሪዎች ተጠንቀቁ» ብሎ ነበር። ጓደኛዬ መብራት እያበላጨ በሰው እርምጃ አለፈ። አንዷ እንስት ከነግልገሏ ፊታችን ቆመች። ጠበቅናት። ጸጉሯ እየተነቀለ ነው፤ የበረዶ ወቅቱን ካፖርት ሳታወልቅ ሙቀቱ ደረሰባት።

ላክስኤልቭ አጠገብ ባናክ የሚባል አውሮፕላን ማረፊያ አለ። እዚያ ያለው ጣቢያ በጁላይ 5፣ 2021 የመዘገበው 34.3 ዲግሪ ነው። ከ70ኛው ኬክሮስ በላይ ነው እንግዲህ። ደቡብ ነፋስ ፊንማርክ የሚባለውን የሰሜን ጫፍ ክፍለ ሀገር አምባ አቋርጦ ወደ ፊዮርዱ ሲወርድ ይበልጥ ይሞቃል፤ ባናክ ልክ መውረጃው ላይ ነው። በ2018 ጁላይ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ማካውር የሚባል በባረንትስ ዳርቻ ያለ የመብራት ማማ ሌሊቱን በሙሉ ከ25.2 ዲግሪ በታች አልወረደም። ድሬዳዋ አይደለም፤ የሰሜን ውቅያኖስ ጠርዝ ነው።

ፀሐይ ስለማትጠልቅ ነው የሚሞቀው የሚሉ አሉ። በከፊል ነው። እዚህ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 43 ዲግሪ ብቻ ነው የምትወጣው፤ አዲስ አበባ ላይ 75 ያህል ናት። ግን 24 ሰዓት ትሠራለች። ከከባቢ አየር ውጭ ሲሰላ በዚያ ሰሞን በአንድ ቀን ወደ ዋልታው የሚመጣው የፀሐይ ኃይል ወገብ ላይ ከሚደርሰው ይበልጣል። ቀዝቃዛው ባሕርና በረዶው ባይኖሩ ኖሮ ሰሜኑ በሰኔ አይቻልም ነበር። የባሕሩ ነፋስ ሲቆም የሚሆነውን ባናክ አሳይቷል።

ካራሾክ የሳሚዎች፣ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ ከተማ ናት። የኖርዌይ ሳሚዎች ፓርላማ፣ በ1989 የተከፈተው፣ መቀመጫው እዚህ ነው። በኖርዌይ ታሪክ ትልቁ ብርድም የተለካው እዚሁ ነው፤ ከዜሮ በታች 51.4፣ በጃንዋሪ 1፣ 1886። ዛሬ ከዜሮ በላይ 28። በመካከል ያለውን ልዩነት ራሳችሁ ደምሩ።

አንዲት የእኛ አገር ሴት እዚህ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ጓደኛዬ ያውቃታል። እትዬ ነው የምንላት። ከበር ስንገባ «ኑ ግቡ እናንተ ልጆች፣ በዚህ ቃጠሎ መንገድ ይወጣል?» አለች። የሰኔ ጾም ነው፤ ሽሮና ጎመን አቀረበች። እንጀራው በአጃ የተቀላቀለ ነው፤ ጤፍ እዚህ ድረስ አይመጣም። ቡናውን ደጅ አፈላች፤ ቤት ውስጥ መቆየት አልተቻለም። ወባ የማታስይዝ ግን ከወባ ትንኝ የባሰች ትንኝ ወረረችን። ጭሱ አላባረራትም።

«እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ» አለች እትዬ። «ሙቀት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ይሄ ቤት ነው። ብርድ እንዳይገባ ብለው ነው የሠሩት። መስኮቱ ሦስት መስታወት ነው። የገባ ሙቀት በምን ይወጣል? ባለፈው ሰመር አሮጊቶቼን በእርጥብ ፎጣ ስጠርግ ነው የከረምኩት። ማራገቢያ ሱቅ ውስጥ አልቆ ከአልታ ነው ያስመጣነው።»

ባለፈው ያለችው የ2025ን ነው። በዚያ ጁላይ ጎረቤት ፊንላንድ ውስጥ በተከታታይ 22 ቀን ቢያንስ አንድ ቦታ ከ30 ዲግሪ በላይ ተመዝግቧል። የሰሜኑ ሰመር እየሞቀ ነው ሲባል ኦስሎ ያለን ሰዎች ደስ ይለናል። ለባሕር ዳርቻ ነው የምናስበው። እዚህ ግን ጉዳዩ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ ያለች የ88 ዓመት ሴት ናት። ለእሷ ደግሞ የወቅት ትንበያው ትንሽ ይጠቅማል እላለሁ፤ ማራገቢያ በግንቦት ለማዘዝ ከበቂ በላይ ነው። ለእኔ ዕረፍት ግን አይረባም።

ዓርብ፣ ታና

ታና የሚባል ወንዝ አላቸው። የባሕር ዳር ሰው ይቅር ይበላቸው። በአውሮፓ ካሉ ትላልቅ የሳልሞን ወንዞች አንዱ ነበር፤ ሳልሞኑ ስለተመናመነ በ2021 ሳልሞን ማጥመድ ተከለከለ። በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ደግሞ ጀርባው ጎባጣ የሆነ የፓስፊክ ሳልሞን ከሩሲያ በኩል እየጎረፈ ይገባል። ወንዙ ዳር ቆመን ብዙ አላየንም። 27 ዲግሪ ነው፤ ትንኝ ነው፤ ወደ መኪናው ሮጥን።

ነዳጅ ማደያው ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሰመሩ እንዴት ነው ብለን ጠየቅነው። ስለ ዲግሪ አላወራም። ስለ ሙልቴ ነው ያወራው፤ ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ሲበስል ብርቱካናማ የሚሆን የዱር ፍሬ ነው፤ እዚህ ዋጋው ውድ ነው። አበባው ሰኔ ላይ ሲወጣ ውርጭ ካገኘው ወይም ዝናብና ነፋስ ንቦቹን ከከለከላቸው ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ዘንድሮ አበባው ደህና ወጥቷል አለ። ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ ግን ሳይበስል ይደርቃል ብሎ ሰግቷል። የት ነው የምትለቅሙት ብሎ ጓደኛዬ ጠየቀው። ሽማግሌው ፈገግ አለና ነዳጁን መቅዳት ቀጠለ። ለካ አይነገርም።

ቅዳሜ፣ ቫርዶ

ከታና ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ዛፉ አጠረ፤ ከዚያ ጠፋ። ቫርዶ ደሴት ናት። በ1982 የተከፈተው የኖርዌይ የመጀመሪያው የባሕር ሥር ዋሻ ያስገባል። ዛፍ ለማደግ በሞቃቱ ወር አማካዩ 10 ዲግሪ መሙላት አለበት ይባላል። በድሮው መለኪያ፣ ከ1961 እስከ 1990 ባለው፣ ቫርዶ ከዚያ በታች ነበረች። ስለዚህ ከተማዋ የአርክቲክ አየር ንብረት አላት ይባል ነበር። አሁን መስመሩ ላይ ናት፤ በአዲሱ አማካይ ከ10 ትንሽ ከፍ ብላለች። ዛፍ ግን ገና ነኝ እያለ ነው።

ዛሬ 12 ነው፤ ፀሐይ አለ። ትናንት 27 ዲግሪ ላይ ያላበው ጓደኛዬ እንደገና ጃኬቱን ፈለገ።

እዚህ የመጣሁት ለስቴይልነሴት መታሰቢያ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን በጥንቆላ ተከሰው በፊንማርክ የተገደሉ 91 ሰዎች መታሰቢያ ነው። 77ቱ ሴቶች ናቸው። ከተገደሉት ወንዶች አብዛኞቹ ሳሚዎች ነበሩ። ስዊዘርላንዳዊው አርክቴክት ፔተር ሱምቶር 125 ሜትር የሚረዝም ጠባብ ረጅም አዳራሽ ሠራ። በሸራ የተወጠረ፣ ከእንጨት ምሰሶ የተንጠለጠለ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው። 91 ትናንሽ መስኮቶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አምፖል በርቷል። አጠገቡ የአንድ ሰው ክስና ፍርድ ተጽፎ ተሰቅሏል። ነፋሱ ሸራውን ሲመታው አዳራሹ ይነዋወጣል። አጠገቡ ባለ የመስታወት ቤት ውስጥ የቀራፂዋ ሉዊዝ ቡርዥዋ ሥራ የሆነ ወንበር እሳት ይነድበታል። በ2011 ነው የተመረቀው።

ክሱን ማንበብ ጀመርኩ። ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ ስለ አየር ጠባይ ናቸው። በ1617 የገና ዋዜማ ከቫርዶና ከኪበርግ የወጡ ጀልባዎች ድንገተኛ ማዕበል መታቸው። 10 ጀልባ ሰጠመ፤ 40 ወንዶች ሞቱ። በእነዚህ ትንንሽ መንደሮች 40 ወንድ ማለት የብዙ ቤት አባወራ ነው። ባሕሩ ለምን እንዲህ ሆነ? ፊኛ የለ፣ ካርታ የለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሴቶች ተያዙ። የተናዘዘችው አንዷ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ቋጥረን ተፍተንበት ስንፈታው ባሕሩ ተነሣ አለች። እንዴት አድርገው እንዲህ እንዳስባሏት መገመት አያስቸግርም። እኛም አገር በረዶን በድግምት ያወርዳል፣ በጸሎት ይመልሳል እየተባለ የሚፈራ ደብተራ አልጠፋም። እዚህ ግን ማዕበል አስነሣሽ ተብለው ተቃጠሉ።

ጓደኛዬ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ውጭ ባሕሩን እያየ አገኘሁት። «ያን ቀን ደቡብ ነፋስ ነበር ወይስ ሰሜን?» አለኝ። መልሱ አልተጻፈም። የተጻፈው የሴቶቹ ኑዛዜ ነው።

ማታውን ነፋሱ ዞረ። ከሰሜን መምታት ጀመረ። የኖርዌይ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ያለው ኢር የሚባለው አፕ ይህን ከትናንት በስቲያ ነግሮናል፤ ሰዓቱን ሳይቀር አልሳተም። የሜትሮሎጂ ተቋሙና የአገሪቱ ማሠራጫ ድርጅት ከ2007 ጀምሮ በጋራ የሚያወጡት ነው፤ መረጃው ለማንም ነጻ ነው። ለሰሜኑ ልዩ ሞዴል አላቸው፤ መልክዓ ምድሩን በ2.5 ኪሎ ሜትር ስፋት ከፋፍሎ ያሰላል። ፊዮርድና ተራራውን ይለያል። ለሦስት ቀን እሱን አምኜ እንቅልፌን እተኛለሁ። ለሦስት ወር ግን ካርታው ላይ ያለው አንድ ካሬ ትሮምሶንና አልታን እንኳ በወጉ አይለይም።

እሑድ፣ ሺርከነስ

9 ዲግሪ። ሰሜን ነፋስ። ሺርከነስ ከኢስታንቡል ይልቅ ወደ ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት፤ የሩሲያ ድንበር ሩብ ሰዓት አይርቅም። ከቤርገን የሚነሣው የባሕር ዳርቻ መርከብ እዚህ ደርሶ ነው የሚመለሰው። ወደቡ ላይ የወረዱ ቱሪስቶች ኮፍያቸውን ይዘው ይሮጣሉ። አንዷ ለባሏ «ሰመር ነው ብለኸኝ ነበር» ስትል ሰማሁ።

እንመጣለን ብላችሁ ለምታስቡ፣ ከሰኔ ማገባደጃ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ጥሩ ነው። ትኬቱን የወቅት ትንበያ አይታችሁ አትቁረጡ። መኪና ያዙና የማረፊያ ቦታችሁን አላልታችሁ ተዉት። ደቡብ ነፋስ ሲሆን ዳርቻው ጉም፣ መሀል አገሩ እሳት ይሆናል። ሰሜን ምዕራብ ሲሆን ትሮምሶን ለቃችሁ ወደ አልታ ሩጡ። የዝናብ ልብስ፣ ከናቴራና ወፍራም ሹራብ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ። የትንኝ መከላከያ ከሦስቱም ይበልጣል። የእኩለ ሌሊቷን ፀሐይ ለማየት ደግሞ ኖርድካፕ ግድ አይደለም። አልታም ካራሾክም አለች፤ ያውም ያለ ጉም።

እኔ ከሰዓት በኋላ ወደ ኦስሎ እበራለሁ። ጓደኛዬ ማክሰኞ ሥራ አለበት፤ መኪናውን ይዞ ይመለሳል። ቁርስ ላይ ስልኩን አውጥቶ ሁለቱን መንገዶች አነጻጸረ። በኖርዌይ ዳርቻ ሙሉውን 8 እና 9 ዲግሪ፣ ዝናብ። በፊንላንድ በኩል ኢናሪ 22፣ ደረቅ። ከደቡብ የመጣው አየር እዚያ ገና አልወጣም።

«በኢናሪ ነው የምሄደው» አለኝ። «የፊንላንድ ነዳጅ ደግሞ ይረክሳል ወይ?»

አይረክስም አልኩት። ሆኖም በኢናሪ ሄደ።